ድርብርቡ እስኪበላ ድረስ

በርገን፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአባባ ወርቅአገኘሁ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበትዎ ላይ እንዳይጠና ፈጣሪ ይጠብቅልኝ።

አባባ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ያለው ስልክ የእማዬ ብቻ ስለሆነ በፖስታ ሣጥንዎ ጻፍኩልዎ። ባለፈው ሳምንት ደጋግሜ ደውዬ ነበር። ሁሌም እሷ ናት የምታነሳው። "ሊያዬ" ብላ ስትስቅ ደኅንነቷን ብቻ ጠይቄ ዘጋሁት።

ወንድሜ ሚኪያስ አርፏል። ጥር ውስጥ ነው። በሚሠራበት መርከብ ወጥ ቤት ውስጥ ለሠራተኞቹ ራት ሲያዘጋጅ ወደቀ፤ ወደብ እስኪደርሱ አልቆየላቸውም። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። እዚሁ በርገን ቀበርነው። ካህን ከሌላ ከተማ መጥተው ፍትሐቱን አደረሱ። ያገሬ ልጆች ጥቂት ነበርን፤ የመርከቡ ሰዎችም መጥተው ቆሙ። ፎቶ እንዳያወጡ፣ በፌስቡክ እንዳይጽፉ ሁሉንም ለምኛቸዋለሁ።

እማዬ የወንድሜን ዝምታ ለምዳዋለች። ወሩ ሲረዝም "ባሕር ላይ ነው" ትላለች። እኔ በስልክ ልነግራት አልችልም፤ እናት እንዲህ አትረዳም። እርስዎ በወጉ፣ በሰው መሐል ያርዱልኝ።

የእኅትዎ ልጅ ሊያ


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሊያ፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ቢኖረኝም ወረቀት አይችለውም።

ደብዳቤሽን ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ አነበብሁት። ከዚያ ወደ ቤት አልገባሁም። እስከ በሬሳ ወንዝ በእግሬ ሄጄ፣ ፊቴን ታጥቤ ተመለስሁ። ያን ልጅ ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ ነኝ። እኔን ማንም አላስተማረኝም፤ የፋብሪካ ዘበኛ ሳለሁ ከተጣለ ጋዜጣ ለቅሜ ነው የተማርሁ። ለእሱ ግን አስተማሪ ሆኜለት ነበር።

አሁን ውሳኔዬን ስሚ። እናትሽ ስኳር እንዳለባት ታውቂያለሽ። ዐቢይ ጾም ገብቷል። ሐኪሙ አትጹሚ ቢላት "እሱ ለራሱ ይብላ" አለችኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አትቀምስም። ባለፈው ረቡዕ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አጥር ተደግፋ ተቀመጠችና መነሣት አቃታት፤ ጎረቤታችን ይርጋለም ስኳር በጥብጣ አፏ ውስጥ አንቆረቆረችላት። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። በማለዳ ብነግራት በባዶ ሆዷ ነው፤ ከሰማች በኋላ ደግሞ እህል አትቀምስም፣ ኪኒኗንም አትውጥም። እኅቴን በልጇ ላይ ደርቤ መቅበር አልፈልግም። ስለዚህ ጾሙ ተፈትቶ፣ ፋሲካ አልፎ፣ እህል ቀምሳ እነግራታለሁ። እስከዚያ አንቺም ዝም በይ። አልዋሻትም። ዋሽቼ አላውቅም፤ በስተርጅናም አልጀምርም። ዝም እላለሁ።

አንድ ነገር ግን ቸገረኝ። ሚኪያስ የዛሬ ሁለት ዓመት ለዕረፍት ሲመጣ ያን የሜክሲኮ ሰዎች ለድግስ የሚያቀርቡትን ማጥቀሻ ሠርቶ ጎረቤቱን አብልቶ ነበር። በመስተዋት ሳህን አንዱ ባንዱ ላይ የሚነጠፍ ነው፤ ታቹ ቦሎቄ፣ መሐሉ አቮካዶ፣ ላዩ አይብ። በቂጣ እየጠቀሱ ይበሉታል። እናትሽ ድርብርብ ብላ ስም አወጣችለት። ትናንት ጠራችኝና፣

"ወንድምዬ፣ ለሚኪያስ ጻፍልኝ" አለች። "ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎኛል። ባይሆንለት እንኳ የድርብርቡን አሠራር ይላክልንና ጎረቤቱን በእሱ ምግብ ላብላ።"

"ለሊያ እጽፋለሁ" አልኋት።

"ደግ፤ እሷ ትጠይቀዋለች።"

አሠራሩን ላኪ።

አጎትሽ ወርቅአገኘሁ


በርገን፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ ወርቅአገኘሁ፤

የጾሙን ወራት በሰላም ያስፈጽምዎ። ቁጣ አይሁንብኝና ያዘዙኝን ልፈጽም አልቻልኩም።

በየእሑዱ ትደውልልኛለች። "ወንድምሽ ደወለ?" ትለኛለች። "አልደወለም" እላታለሁ። እርስዎ ውሸት አይደለም ይሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ጎረቤት እንዳይሰማኝ ውኃ እከፍታለሁ። አባባ፣ የሞተን ልጅ ምግብ ለግብዣ ማቅረብ ማን አየ? እሷ እየሳቀች ትበላለች፣ እርስዎ እያወቁ ይመለከቷታል። ኋላ ያን ሳቋን ስታስታውሰው ምን ትሆናለች?

ቅዳሜና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትበላ የለም? ትብላ፣ ኪኒኗን ትዋጥ፣ ነርስ አጠገቧ ትቀመጥና ያኔ ይንገሯት። ማለዳ ካልሆነ አይባል። ልጇ ነው፤ ልቅሶዋን እስከ ፋሲካ አንቀማት።

ለፋሲካ እንድመጣ መሥሪያ ቤቴን ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

ሊያ


ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሊያ፤

የእመቤታችን ጥበቃ አይለይሽ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሐሳቤን አልለወጥሁም። ከቅዳሴ በኋላ ትብላ ያልሽው ልክ ይመስላል። ነገር ግን ከነገርኋት ማግስት ጀምሮ ጾሙ ይቀጥላል። ሐዘንና ጾም ባንድነት ይዘዋት ማን ያስበላታል? አንቺ በርገን ነሽ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ እሷን አፏን ፈልቅቄ አላጎርሳት።

ግብዣውንም እኔ አላመጣሁትም። የመስተዋት ሳህኑን ከሣጥን አውጥታ አጥባ መስኮት ላይ አስቀምጣዋለች። ላስቀር ብልም ምክንያት የለኝም፤ ምክንያት ልፈጥር ካልሁ መዋሸቴ ነው። ደግሞም አሰብሁበት። በደስታ ከበላች ጥሩ አድርጋ ትበላለች። ያን ቀን የሚገባት እህል ሳምንት ይዟት ይቆይ ይሆናል።

የምትጠራቸውን ሰዎች ሁሉ አንድ ባንድ እየዞርሁ ነግሬያቸዋለሁ። እሷ ለግብዣ ትጠራለች፣ እኔ ለለቅሶ እጠራለሁ፤ ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ድርብርቡ እንደተበላ በፊታቸው አረዳታለሁ። እሷ ለፋሲካ ዕለት ነበር የፈለገችው። በትንሣኤ ዕለት መርዶ አላስገባም አልሁና ወደ ማግስቱ ጠዋት አዛወርሁት።

"የምን ጠዋት ነው?" አለችኝ። "እንግዳ በጠዋት ይጠራል?"

"መምሬ ኪዳነ ማርያም ከቀትር በኋላ ወደ አንኮበር ይሄዳሉ" አልኋት። ውሸት እንዳይሆንብኝ መምሬን የግድ እንዲሄዱ ለምኛቸዋለሁ። እሳቸውም "ወርቅአገኘሁ፣ አንተስ ለእውነት ብለህ ሰው ታንከራትታለህ" ብለው እሺ አሉኝ።

እናትሽ በየማታው "ከበርገን አልመጣም?" ትለኛለች። አሠራሩን ላኪልኝ። ባትልኪው ልጄ ረሳኝ ብላ ነው የምታዝን። ይህን ሐዘን ደግሞ ለምን ትጨምሪባታለሽ?

አጎትሽ


በርገን፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ፤

እግዚአብሔር በቸር ያክርምዎ። ፋሲካ ሳያልፍ እንዲደርስ ይህን ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬዋለሁ። ፈቃዱን ከለከሉኝ፤ አልመጣም።

"ልጄ ረሳኝ ትላለች" ያሉኝ ቃል አሸነፈኝ። ግን ሚኪያስ እንዴት ይሠራው እንደነበረ አላውቅም። መርከቡ እዚህ ሲያርፍ እኔ ሁልጊዜ ተረኛ ነበርኩ፤ አብረን የበላንበትን ቀን ብቆጥር የእጄን ጣት አይሞላም። አብሮት ወጥ ቤት ይሠራ የነበረ ኤክቶር የሚባል የሜክሲኮ ሰው አለ። በቀብሩ ዕለት አልቅሶ ያስለቀሰን እሱ ነው። እሱን ጠየቅኩት፤ የእናቱን አሠራር ሰጠኝ።

ቀይ ቦሎቄ ማታ ተዘፍዝፎ ያድራል። እስኪፈርስ ይቀቀላል። በጥቂት ዘይት ነጭ ሽንኩርት ተደቁሶ ይጠበስና ቦሎቄው ገብቶበት በማንኪያ ይዳመጣል፤ ከሙንና ጨው ይነሰነስበታል። ሲቀዘቅዝ ሳህኑ ሥር ይነጠፋል። አቮካዶ በሎሚና በጨው ተፈጭቶ በላዩ፤ ሎሚው አቮካዶው እንዳይጠቁር ነው። እርጎ በጨርቅ ተንጠልጥሎ ውኃው ከወረደ በኋላ በሱ ላይ። ቀጥሎ ቲማቲምና ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ፣ ዘሩ የወጣለት ቃርያ ትንሽ። ላዩ ላይ አይብ። እነሱ በበቆሎ ቂጣ ነው የሚጠቅሱት፤ እዚያ ያለው ይሆናል።

ቂጣው ሥር ድረስ እንዲወርድ ንገሯቸው አለኝ ኤክቶር። ሁሉም ባንድ ጊዜ አፍ ካልገባ አልተበላም ይላል።

ሊያ


ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሊያ፤

እናትሽ በሕይወት አለች። ይህን ያስቀደምሁት እንዳትደነግጪ ነው።

የሆነውን እንደሆነው እጽፍልሻለሁ። ወረቀቱ ሲደርስ "ከበርገን መጣ" አልኋት። እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝና ሳመችው፤ ማንበብ እንደማትችል ታውቂያለሽ። ከማን ብላ አልጠየቀችኝም። እኔም አልጨመርሁም።

ዓይኗ ስለደከመ ልሥራው አልሁ። ይርጋለም ልርዳዎ ብትል ከለከልኋት። ልጁ ወንድ ሆኖ ሠርቶታል፤ እኔም እሠራዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ወጥ ቤት ቆሜ አላውቅም። አቮካዶው ከሸዋ ሮቢት የመጣ ነው፣ እንደ ድንጋይ ጠንካራ፤ ገብስ ውስጥ ቀብሬ አበሰልሁት። እርጎውን በንጹሕ ነጠላ ቋጥሬ ከምስማር ላይ ሰቀልሁት። ቦሎቄው በኛ ብርድ እምቢ አለ፤ ከሰል እየጨመርሁ አጠገቡ ዋልሁ። የጻፍሽውን ፊት ለፊቴ አድርጌ አንድ ቃል ሳልዘልል ሠራሁት። ነጭ ሽንኩርት ይላል፤ ነጭ ሽንኩርት አደረግሁ።

በፋሲካ ማግስት ጠዋት ሰዉ መጣ። ሁሉም ነጠላውን እንደ በዓል ለብሶ፣ ፊቱ ግን ሌላ። ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ሳህኑን መሐል አኖርሁት። ድርቡ በመስተዋቱ በኩል ይታያል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ። የገብስ ቂጣውን በዘይት ጠብሼ ከጎኑ ደረደርሁ። ማንም እጁን አልዘረጋም።

"ምነው?" አለች እናትሽ። "ያኔ ልጄ ሲሠራው ሳህኑን ለማጠብ አላስቀራችሁልኝም ነበር። ዛሬ የወንድሜን እጅ ተጠየፋችሁ?"

"እትዬ ሸዋዬ፣ አንቺ ጀምሪልን" አለች ይርጋለም።

"ልጀምር እንጂ። ካልሞትሁ በቀር እንዲህ በሽማግሌ እጅ ተሠርቶልኝ የምበላው መቼ ነው?"

ቂጣውን ሥር ድረስ አውርዳ ጠቀሰችና ጎረሰች። ማኘኳን አቆመች።

"ነጭ ሽንኩርት አለው።"

"ተጽፏል" አልኋት።

"ማን ጻፈው?"

መምሬ "ሸዋዬ ልጄ" ብለው ጀመሩ። እጇን ወደ እሳቸው አነሣችና ዝም አሰኘቻቸው። ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም።

"ሚኪያስ ነጭ ሽንኩርት ከሸተተው ያስመልሰዋል። ጡት ካስጣልሁት ጀምሮ ነው። ወጥ ስሠራ ለእሱ በሌላ ድስት ነበር። ልጄ ቢታመም፣ ቢደክም፣ በሰው እጅ ቢያስጽፍ እንኳ ይህን ጨምሩ አይልም። ማን ነው የጻፈው?"

"ሊያ ናት።"

"እሱስ?"

የምናገረውን ቃል ከጾሙ መጀመሪያ አንሥቶ ሳዘጋጀው ከርሜያለሁ። መምሬ እንዲህ ይላሉ፣ እኔ እንዲህ እላለሁ፣ ይርጋለም ከኋላ ትይዛታለች ብዬ ሁሉን አሰናድቼ ነበር። አንዱም አልሆነ። "ሞቷል" አልኋት። እንዲሁ በባዶው። መርዶ እንዲህ አይነገርም።

የጎረሰችውን ዋጠች። "መቼ?" አለች።

"በጥር።"

የቀረውን ቂጣ ሳህኑ አጠገብ አኖረች። ከዚያ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አለች፦ "በሆሣዕና ለሙታን ሁሉ ፍትሐት ሲደረግ ቆሜ ነበር። የአባቴን ስም አነሣሁ፣ የእናቴን ስም አነሣሁ፣ የጎረቤት ስም እንኳ አልቀረኝም። ልጄን ግን በደኅና መልሰው ብዬ ከሕያዋን ጋር ጸለይሁለት። አንተ አጠገቤ ነበርህ።"

"አልዋሸሁሽም" አልኋት።

"አልዋሸኸኝም። እውነቱን ግን ለሰው ሁሉ አድለህ ለእኔ አስቀረህብኝ።"

ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው። ሰዉም ተነሣ።

ነርስ አስጠርቼ አስለካኋት። ስኳሯ አልወረደም። በዚህ ልክ ነበርሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አታናግረኝም። ደጃፌን አልፋ ነው ውኃ የምትቀዳው፤ ፊቷን አታዞርም።

አጎትሽ ወርቅአገኘሁ


በርገን፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ፤

እግዚአብሔር ለሁላችንም መጽናናቱን ይስጠን።

ነጭ ሽንኩርቱ የኔ ነው፤ ያን እንኳ እርስዎ አይሸከሙት። ከቤት ስወጣ ሚኪያስ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። ምን እንደሚወድ አውቃለሁ ብዬ ነበር የምኖረው። ደብዳቤዎን ሳነብ ኤክቶርን ጠየቅኩት። "እውነት ነው" አለኝ። "ነጭ ሽንኩርት ስንደቁስ ወደ ላይ ወጥቶ ነፋስ ላይ ይቆም ነበር፤ እንስቅበት ነበር።" ይህን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ ብቻ ነኝ እኅቱ ሆኜ የማላውቀው።

የነበረኝን ቁጣ ልጽፍልዎ ተነሥቼ ነበር። ልመናዬን ሰምተው ቢሆን ኖሮ ብዬ። ከዚያ ግን ራሴም አሠራሩን ጽፌ የላክሁ መሆኔ ትዝ አለኝ።

እማዬ ስልክ አታነሳም። በየቀኑ እደውላለሁ፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። ቁጣዋ በእኔም ላይ ከሆነ ይንገሩኝ። ባታናግርዎም እርስዎ ሄደው ያናግሯት። አንድ ቃሏን ብቻ ይላኩልኝ።

ሊያ


ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሊያ፤

ደብዳቤሽን ይዤ ሄድሁና ደጇ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ግባ አላለችኝም፣ ሂድም አላለችኝም። ዛሬ ጠዋት ግን ራሷ መጥታ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችና "ጻፍ" አለችኝ። ከዚህ በታች ያለው የሷ ቃል ነው። አልጨመርሁበትም፣ አልቀነስሁበትም።

ሊያ ልጄ፤

ስልክ የማላነሣው አንቺን ተቀይሜ አይደለም። ስልኩ ሲጮኽ ሳላስበው እሱ ነው እላለሁ። አንሥቼ አለመሆኑን ከምሰማ ይጩኽ ብዬ እተወዋለሁ። ጥቂት ታገሺኝ።

እስከዚያ የምጠይቅሽን ጻፊልኝ። ማን አጠበው? ማን ገነዘው? ያገራችን ነጭ ልብስ ተገኘ ወይስ የሰው አገር ልብስ ለበሰ? የተኛበት መሬት ውኃ ይቋጥራል? ያ አገር ዝናቡ አያባራም ስትዪ ሰምቼሻለሁና አሁን በዘነበ ቁጥር እሱን አስባለሁ። ድንጋይ ስታስቆሚለት ስሙን በኛ ፊደል አስቀርጪ። በነሱ ፊደል ብቻ ከሆነ ሰው ቢያልፍ የማን ልጅ ነው ሳይል ያልፋል።

ያን የሜክሲኮ ሰው ሰላም በይልኝ። ለልጄ ያለቀሰ ዘመዴ ነው። እናቱ ካለች እሷንም ሰላም በይልኝ፤ ምግቧ ደግ ነበር፣ ነውር አልነበረበትም።

በራስሽ ላይ አትፍረጂ። ልጅ ሆኖ ተለያችሁ፤ እናንተን ያለያየ ኑሮ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስለሱ የማውቀውን ሁሉ እነግርሻለሁ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሬ። በየደብዳቤው ጥቂት ጥቂት።

ወንድሜን ገና አልማርሁትም። መምሬ መጥተው ለምነውኛል፤ ጊዜ ስጡኝ ብያለሁ። ቢሆንም የማስጽፈው በሱ ነው። ይርጋለም ልጻፍልሽ ብላኝ ነበር፤ እሷ ቃሌን ታሳምርልኛለች፣ የሚያምመውን ታለሰልሰዋለች። እሱ ግን ያልሁትን ነው የሚጽፍ።

አሁን ይህን ሲጽፍ እያለቀሰ ነው። እንባው ወረቀቱ ላይ ይወርዳል፣ በእጅጌው ይጠርገዋል። ይህን እንኳ አልጽፍም አለኝ። ጻፍ አልሁት። አንዴ እንኳ የሆነውን በሆነበት ሰዓት ጻፍ አልሁት።

እናትሽ ሸዋዬ፣ በወንድሟ እጅ